ማሽኑ የሚያውቀውን ሰው ሲጠየቅ

ሊነክስ በነጻ የሚታደል ሥርዓት ነው። ታዲያ ለምን በየቤቱ አልገባም? ብዙዎች መልሱን በኩባንያዎች የገበያ ትግል ውስጥ ይፈልጉታል። ለእኔ ግን አንዲት ጥያቄ ትበቃኛለች፤ «የስክሪንዎ የአግድም ድግግሞሽ ስንት ኪሎኸርዝ ነው?»

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፋ ያደረገው የሥርዓቱን እምብርት ብቻ ነበር። ይህን እምብርት ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አስማምቶ የሚያቀርበው ጥቅል «ዲስትሪቢውሽን» ይባላል። በ1993 ስላክዌርና ዴቢያን ተጀመሩ። ስላክዌርን የሚጭን ሰው የፍሎፒ ክምር አጠገቡ ቆልሎ አንድ በአንድ ያጎርሳል፤ ሃርድ ዲስኩንም በገዛ እጁ ይሸነሽናል። መከራው የሚብሰው ግን መስኮትና ሥዕል ያለውን ገጽ ለማስነሳት ሲሞክር ነው። የቪዲዮ ካርዱን ዓይነትና የስክሪኑን ድግግሞሽ ራሱ መሙላት አለበት። መመሪያው ከልክ ያለፈ ቁጥር ስክሪኑን ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ያም ለባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። ግማሽ ሥራቸውን ለዊንዶውስ የተዉ ርካሽ ሞደሞችማ ጭራሽ ዲዳ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ይኮራል። አዲስ መጤ ሲጠይቀውም «መመሪያውን አንብብ» ይለዋል። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ኩራት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አብዛኞቹ ካርዶች የአምራቻቸውንና የሞዴላቸውን መለያ ቁጥር በውስጣቸው ይዘው ይወጡ ነበርና። ስክሪኖችም ልካቸውን ራሳቸው ለኮምፒዩተሩ መናገር ጀምረው ነበር። መልሱ ማሽኑ ዘንድ እያለ ሰውየው ይጠየቃል!

በ1998 ፈረንሳዊው ጌል ዱቫል ማንድሬክን ሲያወጣ መንገዱ ትንሽ ለሰለሰ። በእኔ ግምት ግን ዋናውን ቋጠሮ የፈታው ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው። በ2000 ያወጣትን ክኖፒክስ የተባለች ሲዲ ከትቶ ማሽኑን ማስነሳት ብቻ ነው፤ ሥርዓቱ ካርዶቹን ራሱ ለይቶ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ይሠራል። ሳያገቡ ማጨት ማለት ይኸው ነው።

«የትኛውን ልምረጥ?» ለሚለው ደግሞ ኡቡንቱ በ2004 መጣ፤ አንድ ሲዲ፣ ለአንድ ሥራ አንድ ፕሮግራም። ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ እስከ 2011 ድረስ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። በስልክ መስመር ሙሉ ሲዲ መቅዳት፣ መስመሩ ሳይቋረጥ በሙሉ ፍጥነቱ ቢሠራ እንኳ፣ ከአንድ ቀን በላይ እንደሚፈጅ የአዲስ አበባ አንባቢ ያስታውሳል።

ከዚያ የገመድ አልባ ኔትወርክ ዘመን ሲመጣ ችግሩ በሌላ በር ተመለሰ። ብዙዎቹ ካርዶች ያለ አምራቻቸው ዝግ ፕሮግራም አይነቁም፤ በነጻነት መርሑ የጸናው ዴቢያን ደግሞ ያንን በዋናው ሲዲ ላይ አላካትትም አለ። ጀማሪው ኔትወርክ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ፋይል ከኔትወርክ ላይ እንዲያመጣ ተፈረደበት። አባላቱ በ2022 ተሟግተው ድምፅ ሰጡ፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ዝጉን ፕሮግራም ይዞ መጣ። የተቆጡም ነበሩ። እኔ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ ከአዎንታው ጋር እሰለፍ ነበር።