የደብሩ ዐጸድና የገበሬው ኑሮ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆ የሚያልፍ፣ ወይም በእስቴ አድርጎ ወደ ስማዳና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ፣ እርሻና ግጦሽ ከዳር እስከ ዳር በያዘው አገር መካከል በየጉብታው ላይ የጠቈረ ደን ባየ ጊዜ፣ ማንም ሳይነግረው በዚያ ውስጥ ታቦት እንዳለ ያውቃል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው ከሌላው ምድር በመጥረቢያ ሲያልቁ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ሊተርፉ የቻሉት፣ አበው ደኑን የመቅደሱ ልብስ አድርገው ስላከበሩትና እርጥብ ዕፅ የሚቈርጠውን በግዝት ስለ ከለከሉት ነው።

ይሁን እንጂ ያ ደን ከሰው ኑሮ ተለይቶ የተጠበቀ አልነበረም። ጋይንት በድጓ የቤተልሔም፣ በዝማሬና በመዋሥዕት የዙር አባ ጉባኤ ቤቶች አገር ናት፤ በእንዲህ ያለው ጉባኤ ቤት ደበሎ ለብሶና አኮፋዳ አንግቶ ከመንደር የለመነውን ይዞ የሚመለሰው የአብነት ተማሪ፣ ጎጆውን ከደብሩ አጠገብ ቀልሶ፣ ዜማውን በዛፉ ጥላ ሥር ያጠናል። መቋሚያው ከወይራ፣ ከበሮው ከዋንዛ ይወጣል፤ በነፋስ የወደቀው ግንድ ለቤተ ክርስቲያኑ ማደሻ ይሆናል፤ ምእመናን በዓል የሚያከብሩትም፣ ሙታናቸውን የሚቀብሩትም በዚያው ዐጸድ ነው። እንግዲህ አበው ደኑን የጠበቁት ሰውን በማራቅ ሳይሆን፣ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ለይተው በመደንገግ ነበር።

ይህን ሥርዐት ያስጨነቀው የመሬት መጥበብ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ካህናቱ ይተዳደሩበት የነበረው የሰሞን መሬት ከደብሩ እጅ ወጣ፤ ቤተሰብ በበዛ ቍጥር ሞፈሩ ወደ ቅጽሩ ተጠጋ፤ በአንዳንዱ ደብርም ለገቢ ሲባል በአገሩ ዛፍ ቦታ ባሕር ዛፍ ተተከለ። በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል፤ ደግሞም ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደማይተካ አሳይተዋል። ግዝት መጥረቢያን ይከለክላል እንጂ ላምንና ፍየልን አያቆምምና፣ ከታላቁ ጽድ ሥር የበቀለው ለጋ ቡቃያ ሁለት ቅጠል እንዳወጣ ይጋጣል፣ ይረገጣልም፤ ሽማግሌው ዛፍ በወደቀ ጊዜ ወራሽ የለውም።

መድኃኒቱ ግን ከዚያው ከገበሬው ማሳ ተገኝቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን በመከሩ ጊዜ፣ ማረሻ እየሰበረ ገበሬውን ያስቸግር የነበረው ድንጋይ ከእርሻው እየተለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ሆነ፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ችግኙም ከከብት ተጠበቀ፣ ሰውም እንደ ልማዱ በበሩ ይገባል።

ስለዚህ የደብር አለቆች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና የወረዳ ሹማምንት ሆይ፦ ካብ ያልታጠረለትን ደን አሳጥሩ፤ ባሕር ዛፉ ለማገዶና ለገቢ ከቅጽሩ ውጭ በሚመች ቦታ ይተከል፤ የቅጽሩ ውስጥ ግን ለጽድና ለወይራ ይተው። ገበሬውና ተማሪው ድርሻቸውን ካላገኙ ደኑ ጠባቂ አይኖረውም፤ ደኑ ከጠፋም እነርሱ ጥላውንም ዕንጨቱንም ያጣሉ።