ጎያ፣ ጓያ እና ንጹሑ ምስል

ወር በገባ በ12 የየካ ሚካኤል ደጅ በምእመናን ይሞላል። በአንዱ ሚካኤል ተሳልሜ ወደ ሥራ ልወርድ ስል፣ ሁለት ምርኩዝ የያዘ ሰው ከቅጥሩ ሥር ቆሞ አየሁ። ሲራመድ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፤ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ መሬቱን የሚረግጠው በጣቶቹ ጫፍ ነው። እጆቹና አንደበቱ ግን ደኅና ናቸው።

«ምን አገኘዎት ጋሼ?» አልሁት።

«የደላንታ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ጓያ ሰበረኝ» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ቀጠለ፦ «በቀደም ጭንቅላቴን በማሽን አነሡት። ፎቶው ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብህም አሉኝ። እስቲ ወንድሜ፣ ምንም ከሌለብኝ እኔን ምን ጣለኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ተከትሎኝ ቢሮ ገባ፤ ማታ ማታም መጻሕፍት አስገለጠኝ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጓያ ክፉ ቀን የማይጥለው እህል ነው። ዝናብ ሲያጥር ሌላው ሰብል ይከስማል፤ ጓያ ግን መረሬ መሬት ውስጥ በቀረችው እርጥበት ያድጋል። ስለዚህ ረኃብ ሲገባ ድኻው ቤት የሚተርፈው እሱ ብቻ ይሆናል። በውስጡ ያለው መርዝ በ1964 በሕንድ ተለይቶ ታወቀ። መርዙ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ይመስላል፤ መስሎም የእንቅስቃሴ ነርቮችን ከልክ በላይ ያነሣሣቸዋል። ይልቁንም የሚጎዱት ከአንጎል ተነሥተው በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ እግር የሚወርዱት ረዣዥም ክሮች ናቸው።

የዚህን በሽታ ምስል ከሐኪም ቀድሞ ያስቀረልን ሠዓሊ ነው። በ1811 እና 1812 ማድሪድን ረኃብ ሲመታ፣ ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ጎያ ሕዝቡ የጓያ ገንፎ ሲሻማ የሚያሳይ ሥዕል ቀረጸ። ከፊት ለፊት አንዲት ሴት መሬት ላይ ወድቃለች። የሥዕሉ ርእስ «ለጓያ ምስጋና ይግባው» የሚል ነው። የሠዓሊው ስምና የእኛ እህል ስም መቀራረቡ እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ባነበብሁት ቁጥር ይገርመኛል።

በአገራችን ከ1976 እስከ 1977 ደንቢያና ፎገራ ላይ ብዙ ሰው በዚሁ በሽታ ሽባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነገሩን በየገጠሩ እየዞሩ ያጠኑት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አስዞረው 60,820 ሰዎችን አስመረመሩ። በ1990 በታተመው ውጤት የእንቅስቃሴ ነርቭ በሽታ ከ100,000 ሰው 5 ነበር። በባንክ ሠራተኛ ሒሳብ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ሦስት ሰው መሆኑ ነው። ሦስቱን ያገኛቸው በር ማንኳኳት እንጂ የአንጎል ምስል አይደለም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ተራው የደላንታ ሆነ። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ምጣዱንና ድስቱን ሳይቀር መረመሩ። ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ የበላ ይበልጥ ይጎዳል፤ ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለ ግን አደጋው ይቀንሳል። የገጠሩ ሰው የሚፈራው የድስቱን እንፋሎት ነበር። ፍርሃቱ እውነት ነበረው፤ ጥፋተኛው ግን እንፋሎቱ ሳይሆን ማዕዱ ላይ ሌላ እህል መጥፋቱ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ ልመለስ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ1869 ኤኤልኤስ የተባለውን የእንቅስቃሴ ነርቭ በሽታ ሲገልጽ፣ የሕያው ሰው ነርቭ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ጉዳቱን ያየው በሽተኛው ከሞተ በኋላ በአጉሊ መነጽር ነው። የመጀመሪያው የሲቲ ስካን ምስል በ1971 ለንደን ውስጥ ተነሣ፤ ኤምአርአይ ተከተለ። ዛሬ በክሮቹ ውስጥ ያለውን የውኃ እንቅስቃሴ የሚከታተለው የኤምአርአይ ዓይነት፣ በኤኤልኤስ ሕሙማን ዘንድ ከአንጎል የሚወርደው መንገድ እየሳሳ መሄዱን ያሳያል። ሆኖም ለአንድ ሕመምተኛ ፍርድ የሚሰጠው ዛሬም በዋናነት የሐኪሙ እጅና ዓይን ነው። ምስሉ በይበልጥ የሚያገለግለው ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው።

ጓያ በሰበረው ሰው ላይማ የአንጎሉ ምስል ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ «ንጹሕ ነው» ማለት «ዕጢ የለም፣ ደም አልፈሰሰም» ማለት እንጂ «አልታመምህም» ማለት አይደለም። ያን ሰው ያሳዘነው ማሽኑ አይደለም፤ የቃሉ ትርጉም ሳይነገረው መቅረቱ ነው።

በሚቀጥለው ወር በ12 ከዚያው ቅጥር ሥር ፈለግሁት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ምእመኑን ነጠላ አስደርቦታል። አገኘሁትና ይህንኑ በአጭሩ ነገርሁት። ሲሰማኝ ቆይቶ «እንግዲያ አልዋሸሁም» አለ። ምርኩዞቹን አስተካክሎ እንደ ልማዱ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ወደ ደጀ ሰላሙ ገባ።