ከመወርወሪያ እስከ ሪሞት

አማርኛችን አንዳንዴ ቆጣቢ ነው። በር የሚዘጋውንም፣ የተዘጋውን የሚከፍተውንም፣ ሸሚዛችን ላይ የተደረደረውንም፣ ማሽን ላይ የምንጫነውንም በአንድ ስም ጠርቶ አርፏል፤ ቁልፍ። እንግሊዝኛ ለየብቻቸው ስም ያወጣላቸዋል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህንን የቋንቋችን ድህነት አድርገው የሚቆጥሩ ተማሪዎች አይጠፉም ነበር። አሁን አሁን ግን ዘመኑ ራሱ ለአማርኛ የፈረደለት ይመስለኛል። ዛሬ ባለመኪናው ኪሱ ውስጥ የሚይዛት ሪሞት መቆለፊያም፣ መክፈቻም፣ የሚጫኗት ቁልፍም ናትና።

ይቺ ሪሞት ታዲያ አንድ ቀን ድንገት ዝም ትላለች። ይጫኗታል፤ መኪናው አይመልስም። ጠጋ ብለው ይጫኗታል፤ አሁንም ዝም። ያን ጊዜ ባለንብረቱ ለገዛ ንብረቱ እንግዳ ይሆናል። ይህ እንግድነት ከየት መጣ? ነገሩ ታሪክ አለው።

የአያቶቻችን በር የሚዘጋው በመወርወሪያ ነበር። እንጨቱን ማንም ያየዋል፤ ቢሰበር ማንም ጠርቦ ይተካዋል። ዋናው ጥበቃ ጉርብትናና መከባበር ነው፤ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» መባሉም ለዚህ ይመስለኛል። ቀጥሎ ጓጉንቸር መጣ። የጓጉንቸር ምስጢር ቁልፉ ጥርስ ላይ ነው፤ ጥርሱን ያየ ባለእጅ ብረት ሞርዶ አምሳያውን ያወጣል። ችግሩ ባለእጁን አናከብረውም ነበር። በሀዲያና በከምባታ ምድር ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። በሌላውም የአገራችን ክፍል የሙያቸው ስም ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ያለምክንያት አይደለም።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት እየነዳ ለምኒልክ አደረሳት። ያኔ መኪና የሚነሳው ከፊት ለፊቱ ቆሞ ማኖቬላ በሚያዞር ጉልበተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና አወጣ። በ1949 ደግሞ ክራይስለር ቁልፍ በማዞር ብቻ ሞተር ማስነሳትን አስለመደ። እኛ ዘንድ የጋራዡ ቋንቋ የተሠራው በጣሊያን አፍ ነው፤ ማኖቬላ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ። ቃሎቹ ባዕድ ይሁኑ እንጂ የሚጠሩት ነገር በእጅ ይዳሰሳል። የሆሳዕና መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ድምፁን አድምጦ በሽታውን ይናገር ነበር። «ሪሞት» የመጣችው ግን ከሌላ ቋንቋና ከሌላ ዘመን ነው። እሷን ከፍተው ቢያዩ የሚሽከረከርም፣ የሚፋጭም ነገር የለም።

በሪሞት የሚከፈት በር በስፋት መሸጥ የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳዩ ሬኖ ፉዌጎ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት በሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩ የጥንት ሪሞቶች አንድ ጉድለት ነበረባቸው፤ ሁልጊዜ አንዲቱን የይለፍ ቃል ይደጋግማሉ። አድፍጦ የሰማ ሌባ መልሶ ቢናገራት መኪናው «ግባ» ይለዋል። መፍትሔው በየጊዜው የምትለዋወጥ የይለፍ ቃል ነበረች። ሪሞቱና መኪናው አንድ ዓይነት ስሌት ይይዛሉ፤ በተጫኑ ቁጥር ሁለቱም ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሻገራሉ፤ ያለፈው ዳግመኛ አይሠራም። ከእነዚህ ስሌቶች አንዱ፣ በብዙ ታላላቅ የመኪና ፋብሪካዎች የተሠራበት ኪሎክ ነው። የተፈለሰፈው የት ይመስላችኋል? ደቡብ አፍሪካ፣ ናኖቴክ በተባለ ኩባንያ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ.። በ1995 ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። በ2008 ደግሞ የጀርመኑ ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምስጢሩን ፈቱት። ምስጢርና ምስጢር ፈቺ መቼም ተለያይተው አያውቁም።

ደቡብ አፍሪካ ሲባል የሀዲያና የከምባታ ሰው ጆሮውን ያቆማል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከሌሞ፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ ዙሪያ የወጣው ወጣት ብዛት ይታወቃል። በሆሳዕና ከቆሙት ፎቆችና ከሚመላለሱት መኪኖች ስንቱ ጆሃንስበርግና ደርባን ሱቅ ጠብቆ በሚያድር ልጅ ላብ እንደተገዛ ከተማው ራሱ ይመሰክራል። ቁልፉ የተፈለሰፈበት አገርና የመኪናው ገንዘብ የተገኘበት አገር አንድ መሆኑ ይገርመኛል።

ከዓመታት በፊት ሆሳዕና ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከሌሞ ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት፣ ልጃቸው ከዚያው አገር በላከው ገንዘብ የተገዛች ቪትዝ ገበያ ዳር ቆማ ቀረችባቸው። ቤተሰቡ የሚተዳደረው እሷን ኮንትራት እያሠራ ነው። አዋቂ ነን ባዮች ከበው «ኮምፒዩተሯ ተቃጥሏል፤ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ትሂድ» ይላሉ። አዲስ አበባ 232 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጭነቱ ዋጋ የልጁን የስንት ወር ልፋት እንደሚበላ አዛውንቱ ሳያሰሉት አልቀሩም። ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሰ ልጅ ሰው ገፍቶ ገባ።

«አባባ፣ ሌላ ቁልፍ አላት?»

«የለም ልጄ፤ ስትመጣም በዚችው ብቻ ነው የመጣችው።»

«ሰሞኑን ካላስጠጓት አልከፍት ትል ነበር?»

«ኧረ አዎ! ልጁ በሯ ላይ ለጥፎ ነበር የሚከፍታት።»

ልጁ ከሪሞቷ ጎን ያለችውን ትንሽ መያዣ ገፋ አድርጎ ከሆዷ ውስጥ የብረት ቁልፍ መዘዘ፤ በሩን እንደ ድሮው አዙሮ ከፈተ። ገብቶ ፍሬኑን ረገጠ፤ ሪሞቷን ከማስነሻው ቁልፍ ጋር አስነክቶ ተጫነ። ሞተሩ ተነሳ። ከዚያ ከሰዓት ሠሪ ሱቅ ጠፍጣፋ ባትሪ አስመጥቶ ቀየረላቸው።

«በቃ?» አሉ አዛውንቱ።

«በቃ አባባ።»

ይህ ልጅ ያደረገው ጥንቆላ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። መኪናና ሪሞት እንደ ሁለት ተነጋጋሪ ናቸው። ዝምታ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት «ዝም ያለው ማነው?» ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ካለ ይሞከራል፤ እሱ ከሠራ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሪሞት ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ የመኪናው ባትሪ ደክሞ እንደሆን ይታያል፤ ወይም አካባቢው ላይ ሌላ ሞገድ እየረበሸ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሪሞቷን ወደ መኪናው አስጠግቶ መሞከር ነው። ከሩቅ ትከፍት የነበረች ሪሞት ቀስ በቀስ ቅርብ ካልሆነ አልሰማ ካለች በአብዛኛው ባትሪዋ እያለቀ ነው። ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጌጥ አይደለም፤ «ሲአር 2032» ሲል ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። «2025» 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ላልቶ ላይነካ ይችላል፤ አዲስ ባትሪ ገዝቶ «አልሠራም» የሚል ሰው መጀመሪያ ይህንን ይይ። ከልብስ ጋር የታጠበች ሪሞት መድረቅ፣ የዛገ መነካኪያዋም መጠረግ አለበት። ሕፃን ከመኪናው ርቆ ሲጫወትባት ከዋለች ደግሞ ቆጠራው ከመኪናው ቀድሞ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ሆኖ ሁለቴ አከታትሎ መጫን ያስማማቸዋል። ኮምፒዩተር የያዘው ባለሙያ የሚጠራው ይህ ሁሉ ካለቀ ነው። ባትሪዋ ያለቀ ሪሞት ሞተር የምታስነሳበት ምክንያትም ቀላል ነው፤ ውስጧ ያለችው መታወቂያ ቺፕ የራሷ ስንቅ ሲያልቅ ከመኪናው ኃይል ትቆርሳለች።

አንዳንዴ ዝምታው የሰው ተንኮል ነው። በደቡብ አፍሪካ ሌቦች የግቢ በር ሪሞት ኪሳቸው ውስጥ ተጭነው በመያዝ የባለመኪናውን ምልክት እንደሚያፍኑ በሰፊው የታወቀ ነው። ሰውየው ቆለፍኩ ብሎ ይሄዳል፤ በሩ ክፍት ነው። መድኃኒቱ ያው የመወርወሪያው ዘመን ልማድ ነው፤ እጀታውን በእጅ ስቦ ማረጋገጥ።

ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ መኪናዋም እንደ ሹማምንቷ በዝቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው እየመጣ ነው፤ ካርድና ሞባይል ቁልፍ የሚሆኑበት። ምስጢሩ ከእጃችን ይበልጥ እየራቀ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማድነቁ በፊት «ሁለተኛው ቁልፍ የታለ?» ይበል፤ አንዷ ስትጠፋ ወይም ስትሞት ሌላ ማስለመድ ቀላል ሥራ አይደለም። ሁለተኛው፣ ያ ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሰ ልጅ ሲጠይቅ ቀና ብለን እንመልስለት። ባለእጅን መናቅ በአዋጅ ከተከለከለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁን አሁን ግን ንቀቱ በገንዘብም እያስከፈለን ነው፤ አንዳንዴ በ232 ኪሎ ሜትር የጭነት ሒሳብ።