ሁለት ሆኖ ደጅ ማንኳኳት፦ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር አሠራር

የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር በዓለም ዙሪያ ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ አባላት አሉት። ስለ ማኅበሩ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ቁጥር ይነሣል። እኔ ግን ለሁለት ምዕተ ዓመት ገደማ ያቆየው በየሰፈሩ ትንሽ ሆኖ ለመቅረት መወሰኑ ነው እላለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1832 ኮሌራ በፓሪስ ብቻ ከ18 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። ቆዳ ፋቂዎችና የቀን ሠራተኞች ተፋፍገው ከሚኖሩበት የሙፍታር ሰፈር ብዙም በማይርቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ካቶሊክ ተማሪዎች ስለ ታሪክ ሲከራከሩ ከማኅበራዊ ለውጥ አራማጁ ከሳን ሲሞን ተከታዮች አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው፦ የቤተ ክርስቲያን የጥንት በጎ ሥራ ይቆይና፣ እናንተ ዛሬ ለድኻው ምን ታደርጋላችሁ? የሕግ ተማሪው ፍሬዴሪክ ኦዛናም ልክ 20 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1833፣ ከአምስት ጓደኞቹና ከጋዜጠኛው ኤማኑኤል ባዪ ጋር የማኅበሩን ሥራ ጀመረ። የማንን ደጅ እንደሚያንኳኩ ግን አያውቁም ነበር። መንገዱን ያሳዩዋቸው በሙፍታር ድኾች መካከል 30 ዓመት ያህል የኖሩት ሲስተር ሮዛሊ ሬንዱ ናቸው፤ የሚጎበኙትን ቤተሰብ መረጡላቸው፣ የመጀመሪያዎቹን የዳቦ ኩፖኖች ሰጧቸው። በማኅበሩ ታሪክ የእኚህ ሴት ድርሻ በአንድ መስመር ሲታለፍ ይከነክነኛል። ተማሪዎቹ ቅን ልብ ነበራቸው፤ ሙያው ግን የእሳቸው ነው።

ጎብኚዎቹ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። ደረጃውን ወጥተው፣ ደጁን አንኳኩተው፣ ግቡ ሲባሉ ይቀመጣሉ። ኩፖኑ ለዳቦ ወይም ለማገዶ ነበር፤ በሳምንቱም ወደዚያው ቤት ይመለሳሉ። በስብሰባቸው መጨረሻ ከረጢት ይዞራል፤ እያንዳንዱ እጁን ከትቶ ያለውን ይጥላል፣ ማን ስንት እንደሰጠ አይታወቅም። ሳንቲም ብቻ ያለው ተማሪ ከባለጸጋው አጠገብ አንገቱን ሳይደፋ ይቀመጣል። ይህን እንደ ተራ ልማድ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል፤ የተረጂን ክብር እጠብቃለሁ ያለ ማኅበር አስቀድሞ የራሱን ድኻ አባል ክብር ጠብቋልና።

በ1834 መጨረሻ አባላቱ ወደ 100 ሲጠጉ ኦዛናም እንከፈል አለ። ክርክሩ ጦፈ። ያሰባሰባቸው ወዳጅነት መሆኑን የሚያውቁ አባላት መለያየትን ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን መቶ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ስለ አንዲት ባልቴት የቤት ኪራይ መመካከር አይቻልም። በ1835 በየቁምስናው ተከፈሉ፤ ደንባቸውም በዚያው ዓመት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማደግ ማለት ሌላ ትንሽ ጉባኤ መትከል ሆነ፦ በ1836 ሮም፣ በ1844 ደብሊን፣ በ1845 ሴንት ሉዊስ።

እንዲህ ያለው ርዳታ ፍትሕን ያዘገያል የሚለው ወቀሳ ክብደት አለው፤ ኩፖን ደመወዝን አይተካም። ኦዛናምም ይህን አልሸሸውም። በሊዮን የንግድ ሕግ ሲያስተምር ስለ ሠራተኛው ተገቢ ደመወዝ ተናግሯል፤ በ1848 ሪፐብሊኩን ደግፎ ጽፏል። በዚያው ዓመት በሰኔው የሠራተኞች ዐመፅ የፓሪስ ጎዳና በደም ሲታጠብ፣ ሊቀ ጳጳሱ ዴኒ አፍር በመካከል ገብተው እንዲያስታርቁ ከለመኗቸው አንዱ እሱ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ሄዱ፤ ከተዋጊዎቹ ምሽግ ዘንድ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ኦዛናም ይህን አቋም ከመጽሐፍ ብቻ አገኘው ብዬ አላምንም። አንድን ቤት በየሳምንቱ የሚጎበኝ ሰው ኪራዩ፣ ደመወዙና የሕፃኑ ሳል እንዴት እንደተሳሰሩ ያያል።

ኦዛናም በ40 ዓመቱ ካረፈ ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1861፣ የናፖሊዮን ሦስተኛ መንግሥት ማኅበሩ ፈቃድ እንዲያወጣና በአመራሩ ላይ የመንግሥትን እጅ እንዲቀበል ጠየቀ። ማኅበሩ አልተቀበለም፤ የፓሪሱ ማእከላዊ ምክር ቤትም ፈረሰ። ብዙዎቹ ጉባኤዎች ግን የሚጎበኙትን ቤት ለማወቅ የማንም መመሪያ አላስፈለጋቸውምና፣ በየቁምስናቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።