የላስቲክ ድቃቂ
«ማይክሮፕላስቲክ»ን «ረቂቅ ፕላስቲክ» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ረቂቅ የማይታይ የማይዳሰስ ነው፤ ይህ ግን እስከ 5 ሚሊሜትር የሚደርስ፣ ከጤፍ ፍሬ የሚበልጥም አለበት። «ጥቃቅን»ን ደግሞ «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚባሉት ድርጅቶች ወስደውታል። «የላስቲክ ድቃቂ» ብንለው፣ አብዛኛው ከትልቅ ዕቃ እየተሰባበረ መምጣቱን ይናገራል፤ ፀሐይ ያደረቀው ፌስታል ሲፈረፈር ማየት ነው። ላስቲክ መነሻው የሚለጠጥ ጎማ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ገበያው ግን ትርጉሙን ካሰፋው ቆይቷል። ድቃቂው ነፍሳት ላይም ይደርሳል፤ ንብ አበባ ስትቀስም ፀጉሯ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። በቤተ ሙከራ ደግሞ ትንኝ በእጭነቷ የዋጠችው ድቃቂ ክንፍ ካወጣች በኋላም ሆዷ ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ግን በአንድ ዕድሜ ውስጥ መሻገር እንጂ ከእናት ወደ ልጅ መውረድ አይደለም፤ «ከትውልድ ወደ ትውልድ» ብለን ስንጽፍ ሁለቱን አንደባልቅ።