ከጽዋው እስከ ሕጋዊ ሰውነት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር አባቶቻችን ማኅበር ሲመሠርቱ መዝገብ አላስፈለጋቸውም። የአንድ ቅዱስ ስም ይጠራሉ፣ ሙሴ ይሰይማሉ፣ ጽዋውም በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው የመጪውን ወር ዝክር ተቀበለ ማለት ነው፤ ይህ ከፊርማ ይልቅ ያስር ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 ለቤተ ክርስቲያናችን ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ። በአንቀጽ 404 ደግሞ ማኅበርን ትርፍ ለመከፋፈል ያልቆመ የሰዎች ስብስብ አድርጎ ተረጎመው። ሕጋዊ ሰውነት ያለው በራሱ ስም ንብረት ይይዛል፣ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ግን ዕድርን፣ ዕቁብንና መሰሎቻቸውን ከነበሩበት አላነሣቸውም፤ ከአዋጁ ውጭ ተዋቸው። መልካም አደረገ እላለሁ፤ የጽዋ ማኅበር ፈቃድ ጠባቂ ቢሆን ኖሮ ስንቱ በጠፋ ነበር!

እናንተ ግን ለችግረኛ ተማሪዎች ገንዘብ ሰብስባችሁ ከሆነ፣ የባንክ ደብተሩ በማን ስም ነው? በአንድ ወንድም ስም ከሆነና እርሱ ቢያርፍ፣ ወራሾቹ ገንዘቡን ሊጠይቁ ይችላሉ። ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ማኅበር በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 መሠረት ቢያንስ 5 አባላትና መተዳደሪያ ደንብ ይሻል። በሰበካ ጉባኤው ሥር የሚያገለግል ሰንበት ትምህርት ቤት ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰውነት ስላለለት፣ ሒሳቡን በአጥቢያው ስም እንዲከፈት አስተዳዳሪውን ይጠይቅ።