ደላላው በግልጽ ይታወቅ ነበር፦ የተከፈለበት ውዳሴ ከአራዳ ገበያ እስከ ቪዲዮ ጌም

መርካቶ ዕቃ ሊገዛ የገባ ሰው ከጎኑ የሚራመደው ወጣት ማን እንደሆነ ያውቃል። “ስልክ ነው? ጫማ ነው? ና ላሳይህ” እያለ የተጠጋው ደላላ ነው። ባለሱቁ ዋጋ ሲጠራ የደላላው ኮሚሽን እላዩ ላይ እንደተጨመረ ገዢው አይጠፋውም። ስለዚህ አጥብቆ ይከራከራል፤ ካልሆነም ደላላውን አመስግኖ አሰናብቶ ሌላ ሱቅ ብቻውን ይገባል። ደላላው ዕቃውን “ኦርጂናል ነው” ብሎ ቢምልለትም መሐላውን የሚሰማው ከዚያ ሽያጭ ድርሻ ያለው ሰው እንደማለ ቆጥሮ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚፈልገውም ሆነ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ብረት የሚያገላብጠው ይህን ስሌት ከልምድ ተምሮታል። መንግሥትም ደላላነትን እንደ ሥራ አውቆታል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ደላላ የራሱ ድንጋጌዎች ነበሩት።

ይህን ያነሳሁት ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው ስለሚያዩት ነገር ለመጻፍ ነው። የቪዲዮ ጌም እየተጫወተ የሚያሳያቸው፣ “ይሄን ሞክሩት፣ እኔ ወድጄዋለሁ” የሚላቸው ዩቲዩበር ወይም ቲክቶከር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ተቀብሏል፤ መቀበሉን ግን አይነግራቸውም። ለውዳሴ መክፈል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱና ክፉው ነገር ከፋዩ መደበቁ ነው።

ከኋላ እንነሳ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዙበት ዘመን ነጭና ጥቁር የሚለያይ ከተማ ለመሥራት አስበው ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። ዛሬ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የምንለው ሰፈር ላይ የቆመው መርካቶ ከዚያ የተነሳ ነው። ገበያው ቦታ ቢቀይርም አንድ ልማድ አብሮት ሄዷል፦ ተናጋሪው ለማን እንደሚናገር ይታወቅ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር ቃሉ የማን እንደሆነ ሕዝቡ ይሰማ ነበር። ደላላውም በሥራው ይታወቅ ነበር። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ ጌታውን ወይም የጠላ ቤቱን እንግዳ ሲያወድስ ሽልማቱ በአደባባይ ነበር፤ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል፣ ቤቱ ሁሉ ያያል። “አንበሳ” የተባለው ሰው በእውነት አንበሳ መሆኑን ማንም ከዚያ ዘፈን አይማርም፤ ሆኖም ማንም አልተታለለም፣ ክፍያው ከውዳሴው ጋር አብሮ ታይቷልና።

ጋዜጣና ሬዲዮም ሲመጡ ይህ ልማድ በአብዛኛው ቀጠለ። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ አንባቢው ዜናውንና የነጋዴውን ማስታወቂያ ለይቶ ማንበብ ለመደ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያደግን ሰዎች ሁላችን “ይህ ፕሮግራም የቀረበላችሁ በእገሌ ስፖንሰር አድራጊነት ነው” የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃላችን እናውቀዋለን። ጆሮ ያሰለቸ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥቅሙ የታየኝ ዓረፍተ ነገሩ የጠፋበትን ዓለም ካየሁ በኋላ ነው። ሕጉም ደግፎታል፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ማስታወቂያ ከፕሮግራም ተለይቶ እንዲታወቅና ስፖንሰሩ እንዲገለጽ አዟል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል፤ የኢንተርኔት ድረ ገጽንም ከማስታወቂያ ማሰራጫዎች መካከል ቆጥሯል። ያኔ ቲክቶክ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሌላው ዓለምም ይህን ትምህርት የተማረው በቅሌት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 የሬዲዮ ሙዚቃ አቅራቢዎች ከሸክላ አሳታሚዎች በድብቅ ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈን ደጋግመው እንደሚያጫውቱ ተጋለጠ። ሮክ ኤንድ ሮልን ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው አለን ፍሪድ ሥራውን አጣ፤ በተከታዩ ዓመት ምክር ቤቱ ሕጉን አጠናከረ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ያው ነገር በቪዲዮ ጌም በኩል ተመልሶ መጣ። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን የጌም መጫወቻ ለገበያ ባቀረበበት ወቅት ማሺኒማ የተባለው በዩቲዩብ የሚሠራ ኩባንያ ታዋቂ ተጫዋቾችን ከፍሎ እንዲያሞግሱ አደረገ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ክስ መሠረት ከእነዚህ አንዱ 30 ሺህ ዶላር ተቀብሎ የሠራቸው ቪዲዮዎች 730 ሺህ ጊዜ ታይተዋል፤ ገንዘቡን መቀበሉን ግን ለተመልካቹ በሚገባ አልገለጸም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዋርነር ብራዘርስ “ሻዶው ኦፍ ሞርዶር” ለተባለው ጌሙ ተመሳሳይ ነገር ማድረጉ ተገለጠ። ኩባንያው ጌሙ በመልካም ብቻ እንዲነሳ፣ ብልሽቱም እንዳይታይ ውል አስገብቶ ነበር። የክፍያው ነገር ከቪዲዮው ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘ፤ ጽሑፉን ለማየት ደግሞ ተጨማሪ መጫን ያስፈልግ ነበር። ቪዲዮዎቹ ከ5.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታዩ።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው። ትሬቨር ማርቲንና ቶማስ ካሰል የተባሉ ሁለት ወጣት ዩቲዩበሮች “ሲኤስጎ ሎቶ” በሚባል የቁማር ጣቢያ ላይ ሲጫወቱና ሲያሸንፉ ራሳቸውን እየቀረጹ ለሚሊዮኖች ያሳዩ ነበር። ቁማሩ የሚካሄደው “ካውንተር ስትራይክ” በተባለው ጌም ውስጥ ለመሣሪያ ጌጥ በሚሆኑ ቀለሞች ነው፤ ቀለሞቹ በገንዘብ ይሸጣሉ፣ ተመልካቾቹም ብዙዎቹ ታዳጊዎች ናቸው። አንዱ ቪዲዮ በ5 ደቂቃ 13 ሺህ ዶላር እንዴት እንደሚገኝ የሚያስተምር ርዕስ ነበረው። ጣቢያው የማን ነው? የራሳቸው ነበር፤ ማርቲን ፕሬዚዳንቱ፣ ካሰል ምክትሉ። ለሌሎች ተጫዋቾችም ከ2,500 እስከ 55 ሺህ ዶላር እየከፈሉ ያስወድሱ ነበር፤ ውሉም የጣቢያውን ስም የሚያጎድፍ ነገር መናገርን ይከለክላል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሱን በስምምነት ሲዘጋ የገንዘብ ቅጣት አልጣለባቸውም፤ ወደፊት ይህን እንዳይደግሙ ብቻ አዘዘ። ካሰል ቀደም ብዬ ያነሳሁት የ30 ሺህ ዶላሩ ሰው ራሱ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ በሌላ መልክ ገባ። የአዲስ አበባ ልጅ ጌምን የሚያውቀው በብዛት ከጆተኒ ቀጥሎ በየሰፈሩ በተከፈተው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ በጨዋታ እየከፈለ ፊፋ ይጫወታል። ለአንድ ጌም ብዙ ዶላር ከፍሎ የሚገዛ ሰው ብርቅ ስለሆነ ትላልቆቹ የጌም ኩባንያዎች ለኢትዮጵያዊ ዩቲዩበር የሚከፍሉበት ምክንያት የላቸውም። የእኛን ልጆች ያገኟቸው ሌሎች ናቸው፦ በስልክ የሚነካኩ “ገንዘብ የሚያስገኙ” ጌሞችና ቁማር።

2016 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ታክሲ ውስጥ፣ በየሱቁ በር፣ በየግቢው ወጣቱ ስልኩን በጣቱ ሲወቅጥ ነበር። በመጀመሪያ ኖትኮይን፣ ቀጥሎ ሃምስተር ኮምባት። የሃምስተር ባለቤቶች በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች አለን ይሉ ነበር። በአማርኛ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች በየቀኑ ይለቀቃሉ፦ የዛሬው ኮድ ይህ ነው፣ ይህን ካርድ ግዙ፣ መስከረም ላይ ሕይወታችሁ ይለወጣል። በእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር ሊንክ አለ። በዚያ ሊንክ የገባ ሰው ሁሉ ለቪዲዮው ባለቤት የጌም ሳንቲም ያስገኝለታል። “አካውንት ክፈቱበት” የተባለው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያም በሊንኩ ከመጣው ሰው ግብይት ለአምጪው ኮሚሽን ይከፍላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገና በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቦ እንደነበር ለተመልካቹ የሚናገር ብዙ አልነበረም። መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የሃምስተር ሳንቲም ሲከፋፈል የአንዱ ዋጋ 1 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ሆነ። ወራት ሙሉ ሌሊቱን ሲነካ ያደረ ልጅ ጥቂት ዶላር ደረሰው፤ አንዳንዱ ምንም አልደረሰውም። ሊንኩን ያሰራጩት ግን በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት ተጠቅመዋል።

ቁማሩ ከዚህም ይከፋል። አውሮፕላን ከፍ እያለ ብር የሚያባዛው አቪዬተር የቁማር ጨዋታ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርበው እንደ ጌም፣ አልፎም እንደ ሥራ ነው። ሰውየው ስልኩን ያሳያል፣ ያሸንፋል፣ ይጮኻል፣ ሊንኩን ይሰጣል። በዚህ ንግድ ዓለም አቀፍ አሠራር ሊንክ አሰራጩ ከሚከፈልባቸው መንገዶች አንዱ በእርሱ በኩል የገባው ተጫዋች ከተበላው ገንዘብ ላይ ድርሻ ማግኘት ነው። ይህን ደግሜ ማለት እፈልጋለሁ፦ የመርካቶው ደላላ የሚያገኘው አንተ ስትገዛ ነው፤ ይህኛው የሚያገኘው አንተ ስትበላ ነው። ደላላው ቢያንስ ዕቃ ያስይዝሃል።

ይህ የተደበቀ ድለላ አሁን መርካቶ ራሷ ውስጥ ገብቷል። ወጣቶች ስልካቸውን ደግነው ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የስልክ፣ የጫማ፣ የጌም መጫወቻ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ባለሱቁ ይመልሳል፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር ከታች ይጻፋል። አቀራረቡ የገበያ ጥናት ይመስላል። ለሩቅ ሰው በእርግጥ ይጠቅማል፤ የባሕር ዳር ነጋዴ ቤቱ ሆኖ የመርካቶን ዋጋ ያያል። ነገር ግን ከመቶው ሱቅ ያ ሱቅ ለምን ተመረጠ? ባለሱቁ ከፍሎ ከሆነ ቪዲዮው ጥናት መሆኑ ቀርቶ ድለላ ሆኗል ማለት ነው። ከጎንህ የሚራመደውን ደላላ ማሰናበት ትችላለህ፤ ይህን ግን ደላላ መሆኑን ስለማታውቅ አታሰናብተውም።

ይዘት ፈጣሪዎቹን ሁሉ መኮነን አልፈልግም። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢውን በይፋ ከሚያካፍልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት አልነበረችም። ሌሊት ሲያቀናብር ያደረ ወጣት እንጀራውን የሚያገኘው ከስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰር መቀበሉም ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው፣ በተለይ ተመልካቹ የ13 ዓመት ልጅ ሲሆን። ልጅ ያንን ሰው የሚያምነው እንደ ታላቅ ወንድም ነው፤ በየቀኑ ቤቱ ይገባል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ ያስቀዋል። እምነቱ የተገኘው በፍቅር ነው፣ የተሸጠው በገንዘብ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዩቲዩብም ቲክቶክም ቪዲዮው የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አላቸው፤ አንድ ጊዜ በመጫን ይበራል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚታይ ብዙ ልጅ አያስተውለውም፤ ስለዚህ በአፍ፣ በአማርኛ፣ በቪዲዮው መጀመሪያ መነገር አለበት። መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁን ሲያሻሽል ከዲጂታል ይዘት የሚገኘውን ገቢ አስታውሶ ግብር ውስጥ አስገብቶታል። ገቢው ለግብር ሰብሳቢው የሚገለጥ ከሆነ ለተመልካቹ የሚደበቅበት ምክንያት የለም። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ስፖንሰርን ስለመግለጽ ሕግ በቴሌቪዥን ላይ የጣለውን ግዴታ በግለሰብ ገጾች ለሚለቀቅ ማስታወቂያም በግልጽ መመሪያ ሊያስፋፋው ይገባል፤ በቅድሚያም ለልጆች ለሚቀርበው ጌምና ጌም ለመሰለ ቁማር።

እስከዚያው ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ የሚያየውን ቪዲዮ አብራችሁት እዩ፤ ከሥሩ ሊንክ ካለ “በዚህ ስትገባ ማን ነው የሚከፈለው?” ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም ይዘት ፈጣሪዎች፣ ቪዲዮውን ስትጀምሩ ከሰላምታው ቀጥሎ ማን እንደከፈላችሁ ስሙን ጥሩ።